በጋቢ ተጠቅልሎ ባሕር የተሻገረው ጤና አዳም

ከቀራንዮ እስከ ቦሌ

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ታርሞ ውጤቱ ለወላጆች በተሰጠ ማግስት ሻንጣዬን ይዤ ከቤት ወጣሁ። የምሄደው አራስ ልጠይቅ ነው። በእኛ ሰፈር አራስ መጠየቅ ማለት የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዞ ሁለት ቅያስ መሻገር ነው። የእኔዋ አራስ ግን ያለችው ሕንድ ውቅያኖስ መካከል፣ ሲሸልስ በምትባለው የደሴቶች አገር፣ ያውም ከዋናው ደሴት በጀልባ በሚደረስባት አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ነው።

አስቀድሜ ሰዎቹን ላስተዋውቅ። እኔ ብሩክ እባላለሁ፤ እዚሁ ኮልፌ ውስጥ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ነኝ። አራሷ ታላቅ እህቴ ሰላማዊት ናት። ለሆቴል ሥራ ወደዚያ ሄዳ፣ አንቷን ከሚባል የአገሩ ተወላጅ ጋር ትዳር መሥርታ እዚያው ቀረች። አንቷን የባሕር ወፎች የሚራቡባት የዚያች ትንሽ ደሴት ጠባቂ ነው። እናታችን ይህን አማቿን በስልክ ስክሪን እንጂ በአካል አይታው አታውቅም። ስሙንም ጠርታው አታውቅም፤ "ሰውዬው" ነው የምትለው። "ሰውዬው ደህና ነው? ሰውዬው በጊዜ ቤት ይገባል?" ክፋት የላትም። ልጇን ባሕር ማዶ ያስቀረባትን ሰው ምን ብላ እንደምትጠራው ገና ስላልወሰነች ነው።

የጓዙን ነገር ልንገራችሁ። የዚያን አገር የመግቢያ ደንብ አስቀድሜ አንብቤ ስለነበር፣ ቅቤና ቋንጣ እንደማይገባ፣ ተክልና አፈርም በፍጹም ክልክል እንደሆነ ለእናቴ በዝርዝር አስረዳኋት። የአንድ ቀን ሙግት ጠብቄ ነበር። እሷ ግን "እሺ ይቅር" ብላ ቅቤውን ወደ ጓዳ መለሰችው። እናቴ በአንድ ቃል ስትስማማ መጠርጠር እንደነበረብኝ የገባኝ በኋላ ነው። ደረቅ የገብስ ዱቄት፣ በርበሬና ሽሮ ተፈቀደልኝ። ከዚያ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘሃራ መጡ። ኮልፌ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ቤታቸው ደግሞ ስፌት መኪና ያላቸው፣ የእናቴ የልብ ወዳጅ ናቸው። የሕፃን ጋቢ ተጠቅልሎ፣ ዙሪያውን በክር ተሰፍቶ ይዘውልኝ መጡ።

"ይኼን አራሷ ራሷ ናት የምትፈታው" አለች እናቴ። "አንተ እጅህን እንዳታሳርፍበት።"

ከባድ ነው ስላት፣ ጥሩ ጋቢ ድሮም ከባድ ነው አሉኝ ወይዘሮ ዘሃራ፣ ወደ ሌላ ቦታ እያዩ።

በሩ ላይ የመጨረሻው ምክር ተሰጠኝ። "ስትደርስ ዘለህ አራሷ ዘንድ እንዳትገባ። የመንገድ ሰው ነህ። ደጅ ተቀመጥ፣ ላብህ ይድረቅ፣ እጅ እግርህን ታጠብ። ልጅቷን የምትነካት ከዚያ በኋላ ነው።" ይህ የእኛ ቤት የቆየ ሕግ ነው። ከመንገድ የመጣ ሰው ምን ተከትሎት እንደመጣ አይታወቅምና ከአራስ ቤት ደጃፍ ላይ ትንሽ ይቆያል። እኔም ክፍል ውስጥ ስለ ጀርም ሳስተምር እንደ ምሳሌ የምጠቅሰው ነው።

ከሰፈራችን ከቀራንዮ እስከ ጦር ኃይሎች በሚኒባስ ወረድኩ። ረዳቱ ሻንጣዬን አይቶ "እሱም ወንበር ይዟልና ይከፍላል" አለኝ። አንዲት ሴትዮ አራስ ጥየቃ መሆኑን ሲሰሙ "የአራስ ስንቅ ታስከፍላለህ? አታፍርም?" ብለው ተቆጡት፤ ሳያስከፍለኝ አለፈ። ከዚያ በኮንትራት ታክሲ ቦሌ ገባሁ።

ውሃው ላይ

በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው። መጀመሪያ ቢጫ ማሳ፣ ቀጥሎ አሸዋማ ምድር፣ ከዚያ ድንገት ምድር አልቆ ሰማያዊ ሆነ። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ውቅያኖስ የምድርን አብዛኛውን ክፍል እንደሚሸፍን ግን በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ልጆቹም በየዓመቱ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ፣ ሳላውቀው ሳስተምር እንደኖርኩ ተሰማኝ።

በመግቢያው ላይ የተሰጠኝን ቅጽ በጥንቃቄ ሞላሁ። ዱቄትና ቅመም፦ አዎ። ተክል፣ ዘር፣ አፈር፦ የለም። በሙሉ ልቤ ነው "የለም" ያልኩት። በርበሬውን ያሸተተው የፍተሻ ሠራተኛ ደጋግሞ አስነጠሰና በእጁ እለፍ አለኝ።

ጀልባው የሚነሳው በማግስቱ ስለነበር ወደቡ አጠገብ አንድ ቤርጎ ያዝኩ። ለእራት የቀረበልኝ በኮኮናት ወተት የተሠራ የዓሣ ወጥ ነበር፤ ከጎኑ ዛፍ ላይ የሚበቅል፣ ሲቀቅሉት እንደ ድንች የሚሆን ትልቅ ክብ ፍሬ አለ። ጣፋጭ ነው። ዋጋውን ወደ ብር ስመነዝረው ግን አፌ ላይ ቆመብኝ። በአንድ እራት ዋጋ የኮልፌ ምግብ ቤት ሳምንት ያበላኛል።

ስለ ጀልባው ጉዞ ብዙ አልጽፍም። ዝናብ ነበር፣ ማዕበል ነበር፣ የቤርጎው ቁርስም ተመልሶ ወደ ባሕሩ ሄደ።

ደጅ ተቀመጥ

ደሴቷ ከሩቅ ስትታይ አረንጓዴ ክዳን የተደፋባት ሳህን ትመስላለች። ቀረብ ሲሉ ጩኸቱ ይመጣል። ሰማዩ በወፍ ተሞልቷል። አንቷን እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ጀልባዋን ያዘና "ጤና ይስጥልኝ ብሩክ" ብሎ አቀፈኝ። ረጅም፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነው። እህቴ ልጇን ታቅፋ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆማለች። ወደ እሷ ስሮጥ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀኝና፣ መጀመሪያ በዚህ በኩል ነው አለኝ።

ከጀልባው መውረጃ አጠገብ አንዲት ነጭ ክፍል አለች። በሯ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ፣ ግድግዳዋ ሽንቁር የሌለው። መካከሏ ላይ ነጭ ጠረጴዛ ቆሟል፤ አራቱም እግሮቹ ውሃ ባለባቸው ሳህኖች ውስጥ ናቸው። ልክ እናቴ የስኳር ጣሳዋን ቁጫጭ እንዳይወጣበት ውሃ ያለበት ሳህን ላይ እንደምታስቀምጠው። አንቷን የጫማዬን ሶል በብሩሽ ፈገፈገ፣ ኪሶቼን ገለበጠ፣ እጅ እግሬን አስታጠበኝ፣ ከዚያ ሻንጣዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ቤተሰብም ቢሆን፣ አለቃም ቢሆን በዚህ ክፍል ሳያልፍ ደሴቷን የረገጠ የለም አለኝ።

ለምን እንደሆነ እንደ ልማዴ ላብራራ። ከአህጉር ርቆ ውቅያኖስ መካከል ያለ ደሴት ላይ የሚኖር ፍጥረት ሁሉ በርሮ ወይም ተንሳፍፎ የመጣ ነው። ስለዚህ ብዙ ነገር ሳይደርስበት ይቀራል። እንዲህ ባለ ቦታ ለዘመናት የኖሩ ወፎች ጠላት ስለማያውቁ መሸሽም አልተማሩም። ሰው ሲቀርባቸው ዘወር ብለው ያያሉ እንጂ አይበሩም። እንግዲህ እዚህ መካከል በአበባ ማሰሮ አፈር፣ በጣውላ ስንጥቅ፣ በካርቶን ውስጥ ተደብቆ አንድ የጉንዳን ዘር ይደርሳል። እነዚህን ደሴቶች የሚያስቸግረው ቢጫ፣ እግረ ረጅም፣ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያ ወዲህ የሚሮጥ ጉንዳን ነው። አይናደፍም፤ አሲድ ይረጫል። የጫጩት ዓይን ያሳውራል፣ ሸርጣን ይገድላል፣ እንሽላሊት ይጨርሳል። አንድ ንግሥት ብቻ ሳትሆን ብዙ ንግሥቶች አንድ ጎጆ ውስጥ ስለሚኖሩ ቶሎ ይበዛል። አንዴ ከገባ ማስወጣት እጅግ ከባድ ነው። ወንዝ ተሻግሮ የመጣ ገብረ ጉንዳን አመድ ነስንሰን እንደምንመልሰው አይደለም።

አንቷን የገብሱን ዱቄት በወንፊት ነፋ፣ ሽሮውን ነፋ። ከዚያ ጋቢውን አነሳና በእጁ መዘነው። እኔን አየኝ። እህቴ ብቻ እንድትፈታው የተባለ መሆኑን ነገርኩት። በመስኮቱ መስታወት በኩል የምታየንን ሰላማዊትን በምልክት ጠየቃት፤ እሷም እየሳቀች ፍታው አለችው። ክሩን በመቀስ ቆረጠ። ጋቢው ተተረተረ፤ ከመካከሉ በላስቲክ የታሰረ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ወጣ። ላስቲኩ ሲፈታ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጤና አዳም። ከነሥሩ፣ ከእኛ ግቢ ቀይ አፈር ጋር።

ለማያውቅ ልናገር፦ በእኛ ቤት ጤና አዳም የሕፃን ሆድ ሲነፋ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን የምናቀምሰው፣ ክፉ ዓይንም እንዳያገኘው ትራሱ ሥር የምናኖረው ነው። እኔም ሰላማዊትም በዚያ ተክል ነው ያደግነው። እናቴ ቅጠሉን ብትልክ ይደርቃል፤ ስለዚህ ተተክሎ ለልጅ ልጇ እንዲበቃ ከነሕይወቱ ላከችው።

ከመስታወቱ ወዲያ የእህቴ ሳቅ ሲቀየር አየሁ። ሽታው ባይደርሳትም አውቃዋለች። በእጇ አፏን ያዘች።

በዚያው ቅጽበት ከጣሳው አፍ ቁጫጮች መውጣት ጀመሩ። ቡናማ፣ ትንንሽ፣ ሰላማዊ የሰፈራችን ቁጫጮች፤ አንዳንዶቹ ነጭ እንቁላሎቻቸውን በአፋቸው ይዘዋል። ነጩ ጠረጴዛ ላይ ተበታተኑ። አንቷን ድምፁን ከፍ አላደረገም። ጣሳውን በላስቲክ ላይ ላስቲክ ጠቅልሎ ክፍሉ ውስጥ ካለው ማቀዝቀዣ ጨመረው፤ ጠረጴዛውን ረጨ፣ ጠረገ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ወለሉን ቃኘ። አድሮ እንደሚያቃጥለው ነገረኝ።

ሁለት አራሶች

በዚያ ምሽት ሰላማዊት አንድ ጊዜ ብቻ ሥሩ ታጥቦ፣ አፈሩ ተጥሎ ቢተከልስ ብላ ጠየቀችው። እሱም ያንን አፈር በዓይኑ ሙሉ በሙሉ ሊያየው እንደማይችል፣ ያላየውን ነገር ደግሞ ደሴቷ ላይ እንደማያሳልፍ መለሰላት። እሷ ገንፎውን አገነፋች፤ እኔ በላሁ፤ እሱ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጦ የልጁን እግር ሲያሻሽ አመሸ።

ጠዋት አንቷን በጀልባው ወደ ጎረቤት ደሴት ወሰደኝ። የተወለደባት ናት። በዛፎቹ መካከል ስንሄድ የመጣብኝ የመጀመሪያ ነገር ጸጥታው ነው። አንድም ወፍ የለም። የዛፉን ግንድ አሳየኝ፤ ቢጫ ክር ወደ ላይ የሚፈስ ይመስላል። ልጅ ሳለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለግቢው አበባ በማሰሮ አስመጣ አለኝ፤ እናቱም አንዷን ማሰሮ በስጦታ አግኝታ ደጃፏ ላይ በደስታ ተከለችው። ቆይቶ ጫጩቶቹ ዓይናቸው እየጠፋ ከዛፍ መውደቅ ጀመሩ። ቀጥሎ ወፎቹ ወደ ደሴቷ መመለስ ተዉ። እናቱ እስክትሞት ድረስ የዚያችን ማሰሮ ነገር በጸጸት ታነሳ ነበር።

"ስጦታ መሆኑን አውቃለሁ" አለኝ። "ያም ስጦታ ነበር።"

ስንመለስ በነጯ ክፍል እንደገና ከተፈተሽን በኋላ እህቴ ከወጥ ቤቷ መስኮት ፊት ለፊት ያለውን ዛፍ አሳየችኝ። ባዶ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ወተት የነጣች ወፍ ተቀምጣለች። ይህች ወፍ ጎጆ አትሠራም። አንዲት እንቁላል ብቻ ትጥላለች፤ እሷንም ቅርንጫፉ ላይ ባለ ትንሽ ጎድጓዳ ላይ አስቀምጣ፣ በነፋሱም በዝናቡም ሳትወድቅ ትታቀፋታለች። ሰላማዊት ከወለደች ጀምሮ እንቅልፍ ሲያጣት ይህችን ወፍ ነው የምታያት። "እኔ ልጄን ሳጠባ እሷ እንቁላሏን ታዞራለች" አለችኝ። ጉንዳን ያንን ዛፍ ቢወጣ፣ እስከ እንቁላሏ ድረስ የሚያግደው ምንም ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ ራሷ ተነስታ ወደ ነጯ ክፍል ሄደች። አንቷን ጣሳውን ከማቀዝቀዣው አውጥቶ ሰጣት። ቁጫጮቹ በብርዱ ሞተዋል፤ ቅጠሉ ጠቁሯል፣ ሽታው ግን አለ። ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንድ ቅጠል በጣቷ አሸችና ወደ ሕፃኗ አፍንጫ አስጠጋች። ልጅቷ ፊቷን አኮማተረች። እህቴ ሳቀች፤ አለቀሰችም። አንቷን በሩን ዘግቶ ከውጭ ቆሞ ጠበቃት። ስትወጣ እጇን ታጠበች፣ ጣሳውን ሰጠችው፣ ወደ ማቃጠያው ይዞት ሄደ።

በመጨረሻው ቀን ግን ሁለቱም ለየብቻ ጠሩኝ። እህቴ "ያዘ በላት" አለችኝ። "አቃጠለው ካልካት ሰውዬውን ዕድሜ ልኳን ይቅር አትለውም።" አንቷን በበኩሉ በገዛ እጁ እንዳቃጠለው እንድነግራት፣ ይቅርታም እንድጠይቅለት ለመነኝ። ሁለት መልእክት ይዤ ጀልባ ላይ ወጣሁ።

ወደ ቤት

በመመለሻው በረራ ባሕሩን አላየሁም። ሳስብ ነበር። ያዘ ብላት ምን ይሆናል? እናቴ በየሳምንቱ ፎቶ ትጠይቃለች። ደረቀ ብላት ደግሞ ሌላ ትልካለች። ወደዚያ አገር የሚሄድ የሰፈር ሰው በተገኘ ቁጥር አንድ ጣሳ ይሄዳል፤ ወይዘሮ ዘሃራም ይሰፉታል። አንዱ ጣሳ አንድ ቀን ያቺን ክፍል ያልፋል። እውነቱን ብነግራት ደግሞ እህቴ የፈራችው ይደርሳል።

ቤት ስገባ ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። እናቴ ሳመችኝ፤ ገና ሳልቀመጥ ጠየቀችኝ።

"ያዘ?"

"አልያዘም እማዬ። አንቷን አቃጠለው።"

ወይዘሮ ዘሃራ ሻሻቸውን አስተካከሉ። እናቴ ተነስታ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ተከተልናት። ጤና አዳሙ ሥር ቁጢጥ ብላ አፈሩን በእንጨት ቆፈር አደረገችው። ቁጫጮቹ ወጡ።

"እነዚህን ብሎ ነው? እኛን ምን አድርገውን ያውቃሉ?"

እኔ በአውሮፕላን ውስጥ ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ ጀመርኩ። አንደኛ፣ እዚህ እነሱን የሚበላ አለ፤ ሁለተኛ፣ የእኛ ወፎች ያውቋቸዋል፤ ሦስተኛ፣ እዚያ ግን የትኛው ጉንዳን ምን እንደሚያደርግ ከገባ በኋላ ካልሆነ አይታወቅም። ስለ ቢጫዎቹ፣ ስለ አንቷን እናት ማሰሮ፣ ስለ ነጯ ወፍ ነገርኳት። ወፏ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

"ቆይ። እንቁላሏን የት ነው የምትጥለው ያልከው?"

"ባዶ ቅርንጫፍ ላይ።"

"ጎጆ የላትም?"

"የላትም።"

"መድኃኔ ዓለም" አለችና አፈሩን በእጇ መልሳ ደለደለችው። "ደጅ የሌላት አራስ ናታ።" ወደ እኔ ዞረች። "አንተንስ? ዝም ብሎ አስገባህ?"

"ደጅ አስቀመጠኝ። እጅ እግሬን አስታጠበኝ። የጫማዬን ሶል ሳይቀር ፈገፈገው።"

ወይዘሮ ዘሃራ ሳቃቸው አመለጣቸው። "የራስሽን ሕግ ነው የመለሰልሽ!"

እናቴ አልሳቀችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና እንድደውል አዘዘችኝ። እህቴ ስልኩን አንስታ የእናቴን ፊት ስታይ ደነገጠች፤ እናቴ ግን እሷን ሳይሆን ባሏን ነበር የፈለገችው። አንቷን መጣ። ቆሞ ነበር፤ የሚጠብቀው ቁጣ እንደነበር ፊቱ ይናገራል።

"ልጄ" አለችው። ይህችን ቃል መተርጎም አላስፈለገኝም፤ ሰላማዊት ልጇን ስትጠራበት ይሰማዋል። "ልጄ፣ ደግ አደረግህ። አራስ እንዲህ ነው የሚጠበቀው።" ይህን ተረጎምኩለት። ዓይኑ ጠፋ፤ እየሳቀ ይሁን ሌላ አልለየሁም። እሷ አልጨረሰችም። "ወፏስ? ፈለፈለች?"

አንቷን ስልኩን ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። ምስሉ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ቅርንጫፉ ታየ። እንቁላሉ ነበረ፤ ወፏም ላዩ ላይ። እናቴ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ ብዙ አየቻት።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ስትደውል በቅደም ተከተል የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ልጅቷ፣ ወፏ፣ ልጇ አንቷን። እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ ጫጩቱ በሁለት ትልልቅ እግሮቹ ቅርንጫፉን ጨብጦ ሲወዛወዝ በቪዲዮ ታይቷል፤ ወይዘሮ ዘሃራም ተጠርተው አይተዋል።

ጉዞው ያስተማረኝን ብጠየቅ፣ ሰዎች ሆን ብለው ካደረሱት ጉዳት ይልቅ በፍቅር ጠቅልለው የላኩት ሊከፋ እንደሚችል ነው። ለተማሪዎቼ ግን እንዲህ አላልኳቸውም። ክፍል ውስጥ አንድ ሳህን ውሃ አምጥቼ የጠረጴዛዬን እግር አስገባሁበትና ለምን ይመስላችኋል አልኳቸው። እናቴ ደግሞ የራሷን ማስተማሪያ አግኝታለች። ባለፈው ሳምንት ከዓለም ባንክ ሰፈር የመጣ የዘመዳችን ልጅ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ስለሆነ ሊሰናበታት ገብቶ ነበር። መረቀችው፣ ዳቦ አስያዘችው፣ እስከ በር ሸኘችው። ከዚያ ጠራችውና፣

"ና እስቲ፣ ጫማህን ገልብጥልኝ" አለችው።